ካስቪን የሰለቸኝ ዓመት

ከዋይሳኬ ጋር የተዋወቅነው እኔ አፌን በሰፊው ከፍቼ ነው።

የመንጋጋ ጥርሴ ሲጠዘጥዘኝ ሰንብቶ ነበር። መርፌ ስለምፈራ «ተሻለኝ» እያልኩ ከረምኩ። በመጨረሻ አባቴ የጨርቅ ሱቃችንን ለአክስቴ ለሳቪትሪ ትቶ፣ በከተማችን በላምባሳ ዋና መንገድ ላይ ሰው ሁሉ እያየን፣ እጄን ይዞ እየጎተተ ጥርስ ክሊኒክ አደረሰኝ። ሃያ አራት ዓመት የሞላት ሴት እንደ ሕፃን ስትጎተት አስቡት። በሌላው እጄ መጽናኛዬን ይዣለሁ፦ «የግራጫው ግንብ»፣ ስድስተኛ ቅጽ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ከቁመቱ የተነሣ በሩን ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። ጓንቱን እያጠለቀ ወደ እኔ ሲዞር ከፊቴ በፊት ጭኔ ላይ ያለውን መጽሐፍ አየ።

«ስድስተኛው ላምባሳ ገብቷል እንዴ?»

ልመልስለት አፌን ስከፍት መርፌውን ሰካው።

«እእእ!»

«አንዴ ብቻ ነው። አለቀ፣ አለቀ። እኔ አምስተኛውን ከጨረስኩ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ካስቪን ሞቷል? አይ፣ እንዳትነግሪኝ... ሞቷል?»

«እእእ!»

«ይሄ ‹አዎ› ነው ‹አይደለም›?»

እንዲህ ሲያስቀኝና ሲያናድደኝ ጥርሴ መቼ እንደወጣ አላወቅኩም። አፌ በጥጥ ተሞልቶ፣ ግማሽ ፊቴ ደንዝዞ ከወንበሩ ስነሣ ለእሱ የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል «አልሞፈም» የሚል ነበር።

እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። «ተመስገን!» አለ። በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀኝ አባቴም ስለ ጥርሴ መስሎት «ተመስገን» አለ።

«የግራጫው ግንብ» ስለ ደም መጣጮች የተጻፈ፣ ማለቂያ የሌለው ታሪክ ነው። አገሩ በረዶ የማይጠፋበት ሰሜን ነው። ካስቪን የግንቡ ጌታ፣ ሊዮራ ደግሞ ቤቷን ጥላ የተከተለችው የባለ ወፍጮ ልጅ ናት። እኔ በረዶ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። እኛ ዘንድ ያለው ዝናብና ሙቀት፣ ሸንኮራ ሲጨመቅ ደግሞ ከፋብሪካው የሚመጣው የሞላሰስ ሽታ ነው። መጽሐፉን ስከፍት ግን ጣቶቼ ይቀዘቅዙ ነበር።

የመጀመሪያውን ቅጽ ያነበብኩት በአሥራ ስድስት ዓመቴ፣ እናቴ በሞተች ሰሞን ነው። ሰው ሁሉ ቤታችን እየመጣ የሚያጽናና ነገር ይናገራል፤ አንዱም ጆሮዬ አይገባም። አንዲት የክፍሌ ልጅ ግን ምንም ሳትናገር መጽሐፉን ሰጠችኝ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ማንም ለዘለዓለም አይሞትም። የተቀበረ ይነሣል፣ የጠፋ በሩን ያንኳኳል። ለምን እንደወደድኩት ያን ጊዜ ብትጠይቁኝ «ካስቪን ቆንጆ ስለሆነ» እላችሁ ነበር።

ባሕር ማዶ አሥራ አንደኛው ቅጽ ወጥቷል አሉ። ወደ ላምባሳ ግን በመርከብ አንድ በአንድ እየተንጠባጠበ ነው የሚመጣው። ጥርሴን ለማሳየት ተመልሼ ስሄድ ከዋይሳኬ ጋር ተስማማን፤ አንዱን ቅጽ እኔ እገዛለሁ፣ ቀጣዩን እሱ። የምንለዋወጠው ሐሙስ በምሳ ሰዓት፣ ወንዙ ዳር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ነው።

እኔ ሮቲ በምንለው ቂጣ ድንች ጠቅልዬ እመጣለሁ። እሱ በኮኮናት ወተት የተሠራ ዓሣ ይዞ ይመጣል። መጽሐፉ በመሐላችን ይቀመጣል።

«እንደ ባለሙያ ልንገርሽ» ይለኛል አፉን ሞልቶ፤ «ካስቪን በዚያ ቀጭን ጥርስ ሰው ነክሶ አይዘልቅም። በዓመቱ ይወልቅበታል።»

«አንተ ደግሞ! ሰው በፍቅር ሲነከስ ጥርስ ይቆጠራል?»

«እኔ በፍቅርም ብሆን መጀመሪያ የማየው ጥርስ ነው።»

«የኔንማ አየኸው፤ ነቅለህ ጣልከው።»

ይስቃል። ሲስቅ ዓይኑ ይጠፋል፤ ወንዙ ዳር የሚሸጡት የዓሣ ነጋዴዎች ሳይቀሩ ዞር ብለው ያዩታል። ሳቁ ሲያልቅ ደግሞ አንዳንዴ ዓይኑ ዓይኔ ላይ ትንሽ ይቆያል፣ እኔ መጽሐፉን አንሥቼ የማላነበውን ገጽ እገልጣለሁ።

እሱ የሳቩሳቩ ዳርቻ መንደር ልጅ ነው፤ የአገሬው ተወላጅ፣ ፊጂያዊ። እኔ ቅድመ አያቶቼ ሸንኮራ ሊቆርጡ ከህንድ በመርከብ የመጡ ነኝ። ከተማው አንድ ነው፣ ገበያው አንድ ነው፣ ራግቢ ሲሆን ጩኸታችንም አንድ ነው። ሴትና ወንድ ልጅ ለብቻ ወንዝ ዳር ሲቀመጡ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያም ሆኖ መጽሐፉን ያየ ሰው ዝም ብሎ ያልፍ ነበር። መጽሐፉ እንደ መታወቂያ ሆነን።

«ያ ጥርስ ነቃይ ዛሬም መጽሐፍ ሊመልስ ነው?» ትላለች አክስቴ ሳቪትሪ በመቀሷ አየሩን እየቆረጠች።

«መጽሐፍ ነው፤ ተያት» ይላል አባቴ።

ሰባተኛውን ቅጽ ወደድኩት ለማለት እየተጣጣርኩ ጨረስኩ። ስምንተኛው ላይ ጉዴ ወጣ።

ካስቪን ለሦስተኛ ጊዜ ሞተ። መጀመሪያ ሲሞት ትራሴ እስኪርስ ያለቀስኩ ሰው፣ አሁን ቁርጭምጭሚቴን የነከሰኝን ቢንቢ እያከክሁ አለፍኩት። እንደሚነሣ አውቃለሁዋ! ደግሞም ተነሣ። ከዚያ የማይታወቅ መንትያ ወንድም መጣ። ከመንትያው ጋር ትንቢት መጣ፤ ከትንቢቱ ጋር የዘር ሐረግ ሠንጠረዥ። ስለ አንዲት ልዕልት ቀሚስ እያነበብኩ መጽሐፉ ፊቴ ላይ ወደቀና እንቅልፍ ወሰደኝ።

ስነቃ ደነገጥኩ። ሐዘኔን አብሮኝ ያሳለፈ ወዳጅ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ስሙ እንደጠፋኝ ያህል አፈርኩ። ተመልሼ የመጀመሪያውን ቅጽ ገለጥኩ፤ እዚያም ቢሆን ጣቶቼ አልቀዘቀዙም። ያስፈራኝ ግን ሌላ ነገር ነው። «ሰለቸኝ» ካልኩት ሐሙስ ምን ሊሆን ነው?

ስለዚህ አስመሰልኩ። ዘጠነኛው ሲመጣ የመጀመሪያውን ምዕራፍና የመጨረሻውን አንብቤ መሐሉን ዘለልኩት።

በዚያው ሰሞን አባቴ ከላይኛው መደርደሪያ ጥቅል ጨርቅ ሲያወርድ ወገቡ ተያዘ። ሐኪም ወለል ላይ እንዲተኛ አዘዘው። አባቴ ሥራ ፈትቶ አያውቅም፤ ጣሪያውን ሲያይ፣ አክስቴን ሲነዘንዝ ቆየና አንድ ቀን ከሱቅ ስመለስ የመጀመሪያውን ቅጽ አፍንጫው ላይ አስደግፎ አገኘሁት።

«ይሄ ደም የሚጠጣው ሰውዬ ዘመድ የለውም?» አለኝ።

«አባባ፣ አንተ እኮ ይሄን መጽሐፍ ‹ቆሻሻ› ነው የምትለው።»

«ቆሻሻ ነው። ሁለተኛው የት አለ?»

እኔ ከዚያ ግንብ ስወጣ እሱ ገባበት። ሮቲ ሳቀርብለት «ዝም በይ፣ ሊዮራ ግንቡ ላይ ናት» ይለኛል። ወገቡ ተሽሎት ሱቅ ከተመለሰ በኋላ እንኳ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ አንዲት አንቀጽ ሰርቆ ያነባል። አንድ ቀን እየሳቅሁ «ምኑ ነው እንዲህ የያዘህ?» አልኩት።

መነጽሩን አወለቀ። «ይመለሳሉ» አለ። «የሞቱት።»

 ሻይ ሊያፈላ እንደሚሄድ ሰው ብድግ ብዬ ወጣሁ።

አሥረኛውን ቅጽ የገዛው ዋይሳኬ ነበር። አንብቤያለሁ ብሎ ሰጠኝ። እኔም ጊዜዬን ወስጄ፣ አንብቤያለሁ ብዬ፣ በሐሙሱ ይዤው መጣሁ። ሰማዩ ከብዷል፤ ወንዙ ደፍርሷል።

«የበረዶው ጉባኤ ላይ ሊዮራ የተናገረችው አይገርምም?» አለኝ።

«ይገርማል» አልኩ። ጉባኤ መኖሩንም አላውቅም። «እሷ እኮ አፏ ጎራዴ ነው።»

«ጎራዴ ብቻ! እኔ ደግሜ አነበብኩት።»

የተናገረበት ድምፅ ትንሽ በዛ። ዓይን ዓይኑን አየሁት፤ ወደ ወንዙ ዞረ። አንድ ነገር ውስጤን ኮረኮረኝ።

«እኔን ያስለቀሰኝ ግን ፈረሱ ነው» አልኩት።

«ኧረ ፈረሱ!» አለ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «ፈረሱማ አንጀቴን ነው የበላው።»

«ዋይሳኬ... ፈረስ የለም።»

እጁን ከደረቱ አወረደ። «የለም?»

«እኔ እንጃ! ይኑር አይኑር አላውቅም። አላነበብኩትም!»

ተፋጠጥን። ከዚያ መጀመሪያ ማን እንደሳቀ አላስታውስም፤ እሱ ወንበሩን ይዞ፣ እኔ ሆዴን ይዤ፣ እንባችን እስኪወርድ ሳቅን።

«ከስንተኛው ጀምሮ?» አለኝ ዓይኑን እየጠረገ።

«ስምንተኛው ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። አንተስ?»

«እኔ ሰባተኛውን አልጨረስኩም።»

«ሰባተኛውን! ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ምን ትሠራለህ እዚህ?»

ሳቁ ቀስ ብሎ ከፊቱ ላይ ወረደ። ሸንኮራ የጫነ መኪና ድልድዩን እያንቀጠቀጠ አለፈ። እስኪያልፍ ጠበቀ።

«ሐሙስ ስለሆነ» አለኝ።

 ሌላ ምክንያት አልፈለግሁም። ለመጀመሪያ ጊዜ መጽሐፉን ከመሐላችን አንሥቼ ወዲያ አስቀመጥኩት። ዝናቡ ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምርም አልተነሣንም።

«አርቲካ፣ አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ» አለ። «ወደ ዋና ከተማው፣ ወደ ሱቫ አዛውረውኛል። በዚህ ወር መጨረሻ እሄዳለሁ።»

 «መቼ ነው የሰማኸው?»

«ካለፈው ሐሙስ በፊት። ዛሬም ልነግርሽ መጥቼ ስለ ጉባኤው አወራሁ።»

«ስለማታውቀው ጉባኤ።»

«ስለማላውቀው ጉባኤ» አለና ጎንበስ ብሎ ጣቶቼን በጣቶቹ ነካ። «መጽሐፍ የለንም እንግዲህ። አሁን ምን ብዬ ልፈልግሽ?»

አባቴን አሰብኩ። አክስቴን፣ ጎረቤቱን፣ የገበያውን ዓይን ሁሉ አሰብኩ። ፈራሁ። ነገር ግን አንድ ዓመት ሙሉ ስለ ሐሰተኛ ፈረስ ስናወራ ከመኖር የባሰ አልመሰለኝም።

«በሱቁ በር ና» አልኩት። «በቀን። ሰው እያየ። ስትመጣ ደግሞ መጽሐፍ እንዳትይዝ።»

ቅዳሜ ከሰዓት መጣ። ብቻውን አልነበረም፤ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ትከሻቸው ሰፊ አጎቱ አብረውት ነበሩ። አጎትየው ከሱቁ ወለል ላይ ምንጣፍ አስነጥፈው ተንበረከኩ። ከከረጢታቸው የወጣው በገመድ የታሠረ፣ ከዕድሜ ብዛት እንደ ማር የቀላ የዓሣ ነባሪ ጥርስ ነው። በእነሱ ወግ ሴት ልጅ የምትጠየቀው በዚህ ነው። ጥርሱን የተቀበለ ጥያቄውን ተቀበለ ማለት ነው።

አክስቴ አፏን በሻሿ ሸፈነች። «ጥርስ ነቅሎ ጀመረ፣ አሁን ደግሞ ጥርስ ይዞ መጣ!» ብላ በጆሮዬ ሹክ አለች። በዚያ ጭንቅ መሐል ሳቅ ሊያፍነኝ ነበር።

አባቴ የታመመ ወገቡን ይዞ ቀስ ብሎ ከእሳቸው ፊት ለፊት ወለሉ ላይ ተቀመጠ። አጎትየው በዝቅተኛ ድምፅ ስለ ቤተሰባቸው፣ ስለ ልጁ፣ ስለ እኔ ተናገሩ። የአባቴ እጅ ጉልበቱ ላይ ነበር። ከዚያ አልተነሣም።

«አክብረውኛል» አለ በመጨረሻ። «ልጁም ጨዋ ነው፤ አውቀዋለሁ። ግን አንዲት ልጅ ናት ያለችኝ። ዛሬ አልቀበልም። ዛሬ አልችልም።»

ዋይሳኬ አንገቱን ደፋ። አጎትየው ግን አልተቆጡም። ጥርሱን በጨርቁ መልሰው ጠቀለሉት።

«ወንድሜ፣ ይሄ ጥርስ አይበሰብስም» አሉ። «እንጠብቃለን።»

ሲወጡ ዋይሳኬ አንዴ ዞር ብሎ አየኝ። ያን አስተያየት ይዤ ምግብ አልበላ ብሎኝ ሰነበትኩ።

አባቴም አልበላም። አይቆጣኝም፣ አያወራኝም። ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመን ለደንበኛ ጨርቅ እንለካለን፣ ጫፍና ጫፉን ይዘን እናጥፋለን፣ ዓይናችን አይገናኝም። አክስቴ እንኳ መቀሷን ቀስ ብላ ታስቀምጥ ጀመር። ዋይሳኬ ዕቃውን ማሸግ እንደጀመረ ከክሊኒኩ ነርሶች ሰማሁ።

አንድ ጠዋት አባቴን ጓሯችን ውስጥ፣ ከጸሎት በኋላ፣ እንደ ሂንዱ ወጋችን ቀርከሃ ላይ ከተሰቀሉት ቀይ ባንዲራዎች ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ዘጠነኛው ቅጽ ጭኑ ላይ ተዘግቷል።

«ነይ እስቲ፣ ቁጭ በይ» አለኝ። ተቀመጥኩ።

«ይህቺ ሊዮራ፣ መጀመሪያ ላይ በመስኮት ወጥታ ሄደች። አይደል?»

«አዎ፣ አባባ።»

«አባቷስ?»

«ምን አባቷ?»

«አባቷ ከዚያ በኋላ የት ደረሰ?»

አሰብኩ። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ ያነበብኩትን፣ ደጋግሜ ያነበብኩትን፣ ሁሉንም በልቤ ፈተሽኩ። «እንጃ» አልኩት።

«እኔም እንጃ። ይህቺ ጸሐፊ ስለ ግንቡ ድንጋይ እስኪታክተኝ ጻፈች። ስለ ሰውየው ግን አንድ መስመር የለም። ራት አቅርቦ ሲጠብቃት ነው ትተነው የሄድነው። ዛሬም እየጠበቃት ይሆናል።»

ድምፁ ተሰበረ። የኔም እንባ መጣ። ያን ሁሉ ዓመት ስለ ካስቪን ሳለቅስ ያንን ሰውዬ አንድ ቀን አስቤው አላውቅም።

«አባባ» አልኩት፤ «እኔ በመስኮት አልወጣሁም። በሱቅህ በር ነው ያስጠየቅሁህ።»

«አይቻለሁ። እሱ ነው የከበደኝ። በመስኮት ብትወጪ ተቆጥቼ እገላገል ነበር።» በመዳፉ ፊቱን ጠረገ። «ሱቫ ሩቅ ነው።»

«መርከብ አለ።»

«መርከብ ያስመልሰኛል።»

«ባልዲ ይዘህ ትመጣለህ።»

ሳይወድ ፈገግ አለ። ከዚያ መጽሐፉን አንሥቶ እንደ እንግዳ ዕቃ ገልበጥ አድርጎ አየው።

«እውነቱን ልንገርሽ፣ ይሄን ያነበብኩት ለእናትሽ ስል ነው። ‹የሞተ ይመለሳል› ሲል ደስ አለኝ። አንዱ ሲመለስ አለቀስኩ። ኋላ ግን ሁሉም ሲመላለሱ፣ ዛሬ ሞተው ነገ ሲነሡ... እኔ እንጃ። ሞትን አቀለለችው። እናትሽ እንዲህ በቀላሉ አልሞተችም።» መጽሐፉን ሣሩ ላይ አኖረው። «አሥረኛውን አታምጪልኝ።»

እጁን ያዝኩት። እኔ ስምንተኛው ቅጽ ላይ ለምን እንደሰለቸኝ፣ ራሴ ያላገኘሁትን ምክንያት፣ ጨርቅ ነጋዴው አባቴ ነገረኝ። ስለ እናቴ ያን ያህል ቁጭ ብለን አውርተን አናውቅም ነበር።

«ብትኖር ምን ትል ነበር?» አልኩት። «ስለ ዋይሳኬ።»

«እሷማ መጀመሪያ ታበላው ነበር። ቁመት ብቻ ሆኖ ቀርቷል።»

ብድግ ብሎ ወደ ሱቅ ሄደ። ተከተልኩት። አክስቴ ገና በሩን እየከፈተች ነበር። አባቴ መደርደሪያዎቹን ከላይ እስከ ታች እያየ ሲመላለስ ቆየና ጀርባውን እንደሰጠኝ ጠየቀኝ።

«የእናቱ ወገኖች ብዙ ናቸው?»

«የማን?»

«የልጁ ናቸዋ! እነሱ ሠርግ ላይ ወገኑ ሁሉ ከአንድ ጣቃ ነው የሚለብሰው። ስሸጥላቸው የኖርኩት እኔ አይደለሁ? ዛሬ ካልተቆረጠ ለልብስ ሰፊ አይደርስም።»

አክስቴ ቁልፉን ከእጇ ጣለች። እኔ ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ።

«ምን ታዪኛለሽ? ደውይለት» አለ አባቴ። «አጎቱን ይዞ ይምጣ በይው። ደግሞ እናቱ ምን ዓይነት ቀለም እንደምትወድ ጠይቂልኝ።»

ደወልኩ። ዋይሳኬ አነሣ። ሰላምታም ሳልሰጥ «አባቴ ይጠይቅሃል፤ እናትህ ምን ዓይነት ቀለም ትወዳለች?» አልኩት።

 ከወዲያ ማዶ አንድ ወንበር ሲወድቅ ሰማሁ።

«ቀለም?» አለ። «ሁሉንም። አርቲካ፣ ሁሉንም ትወዳለች በይው!»

«ሁሉንም ትወዳለች» አልኩት ለአባቴ።

«ሴት ሁሉንም አትወድም» አለ አባቴ። ቀዩ ላይ ትንሽ ቆመ፤ ሰማያዊውን በጣቱ ደባብሶ አለፈው፤ ነጭ አበባ ያለበትን አረንጓዴ ሳብ አደረገ። ወገቡን ፈርቼ ልረዳው ስሮጥ በክርኑ ገፋ አድርጎ ራሱ አወረደው፤ ጣቃውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና መቀሱን አነሣ።